ከአዲስ አበባ ወደ ገበሬው ማሳ፦ ለክረምት የተግባር ልምምድ የሚወጣ የግብርና ተማሪ መመሪያ

ሰኔ በገባ ቁጥር ከግብርና ተማሪዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለተግባር ልምምድ ገበሬ ቤት ልመደብ ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ? እዚያስ ምን ልሥራ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ልደታና መርካቶ ያደጉ፣ ጤፍን በእንጀራው እንጂ በቡቃያው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

መመሪያው የሚያገለግለው በሐምሌና በነሐሴ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ለአንድ ወር ገደማ ለምትቆዩ ነው። ክረምት ለገበሬ የሩጫ ወቅት ነው፤ ዘር ይዘራል፣ አረም ይታረማል፣ ዝናቡ ፋታ የሰጠ ዕለት ሁሉም ሰው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ሜትር መዘርጋትን፣ ዘር መቁጠርንና እርምጃ መለካትን እዚሁ ከተማ ተለማምዳችሁ ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ጊዜያችሁን ከተማ ሊያስተምራችሁ ለማይችለው ነገር ታውሉታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከሞላ ጎደል ሁሉም መርካቶ ይገኛል።

- እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ። ከወፍራም ካልሲ ጋር ልክክ ያለ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ የዋልካ (የጥቁር ሸክላማ አፈር) ጭቃ እግራችሁን ለቅቆ ጫማውን ያስቀረዋል።
- የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ አትያዙ፤ ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው የምትሠሩት።
- 50 ሜትር የሚዘረጋ የጨርቅ ወይም የፋይበር ሜትር፣ ከተቻለ አንድ ባለ 3 ሜትር ብረት።
- የሲባጎ ገመድና 4 ትንንሽ ችካሎች።
- ተንጠልጣይ የእጅ ሚዛን፤ በተጨማሪ ግራም የሚያነብ ትንሽ የኩሽና ሚዛን።
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ሦስት እርሳሶች፣ ደብተሩን የሚይዝ ፕላስቲክ። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል፤ እርሳስ አይፈስስም።
- ጎኑ ቀጥ ያለና ለስላሳ የሆነ ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ፣ ሃይላንድ የምንለው።
- ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶችና ለመለያ የሚሆን ወረቀት።
- የፕላስቲክ ባልዲ። ቆርቆሮ አይሁን፤ ምክንያቱን ደረጃ 10 ላይ ታገኙታላችሁ።
- የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ የውሃ ማከሚያ፣ የቁስል ማሸጊያና ፋሻ።
- ለቤተሰቡ ቡናና ስኳር። ብዙ አይሁን፤ ባዶ እጅ አለመሄድ ነው ቁም ነገሩ።

ከአዲስ አበባ ሳትወጡ

1. ደብዳቤውን አስጨርሱ። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ትወስዳላችሁ። ደብዳቤው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ፣ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለበት፣ ስማችሁን ብቻ ሳይሆን የምትቆዩበትን ጊዜና የምትሠሩትን ሥራ የሚገልጽ መሆን አለበት። «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብቻ የሚል ደብዳቤ የወረዳው ኃላፊ ምን እንደሚተባበር አይነግረውም፤ ስለዚህ ወይ ያቆያችኋል ወይ ለሌላ ሰው ይመራችኋል። ቢያንስ ሦስት ኮፒ ያዙ፦ አንዱ ወረዳው፣ አንዱ ቀበሌው ይቀራል፣ ሦስተኛው ኪሳችሁ ውስጥ ይኖራል። መድረሻችሁ ኦሮሚያ ክልል ከሆነ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞም ቢዘጋጅ ሥራው ይፈጥናል፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ እሱ ነውና። «አከም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለትንም ከመሄዳችሁ በፊት አንደበታችሁ ላይ አለማምዷቸው።

2. እርምጃችሁን ጃንሜዳ ላይ ለኩ። ጃንሜዳ ሰፊና ክፍት ነው፤ በክረምት ጭቃ መሆኑ ደግሞ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። በሜትር 100 ሜትር ለዩና በተለመደው አካሄዳችሁ እርምጃ እየቆጠራችሁ ሂዱ፤ ሦስት ጊዜ ደግሙና አማካዩን ውሰዱ። 140 እርምጃ ከሆነ አንዱ እርምጃችሁ 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን የደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ለምን? እዚያ ማሳ ሁሉ ላይ ሜትር የሚይዝላችሁ ሰው አታገኙም። የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ ጎኑ 50 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ ጥቂት ሜትር ቀላል ስህተት አይደለም። አንድ ጥንቃቄ፦ በታረሰ መሬት ላይ እርምጃ ያጥራል፤ ስትደርሱ ማሳ ላይ አንድ ጊዜ እንደገና ለኩ።

3. እህል በረንዳ ሂዱና እህል ለዩ። መርካቶ እህል በረንዳ አካባቢ ካሉ ቸርቻሪዎች ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ሠርገኛ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ሩብ ሩብ ኪሎ ግዙ። ቤት ወስዳችሁ ሰሃን ላይ ቀላቅሏቸውና ለዩዋቸው። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጓያና ሽምብራ መለየት ያቃተው ተማሪ ገበሬ ፊት ሲቆም የሚሰጠውን ፈገግታ አትፈልጉትም። ስንዴና ገብስ በፍሬያቸው ቀላል ናቸው፤ ከባዱ ቡቃያቸውን መለየት ነው፤ እሱን ደረጃ 9 ላይ እናየዋለን።

ከገዛችሁት ስንዴ የብቅለት ሙከራ ተለማመዱ፦

ሀ. ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቁጠሩ። የተሰበረውን እያወጣችሁ ጥሩ ጥሩውን ከመረጣችሁ ሙከራው ስለ ዘሩ ሳይሆን ስለ ምርጫችሁ ይናገራል።

ለ. ንጹሕ ጨርቅ አርጥባችሁ ጨምቁ። ውሃ የሚንጠባጠብበት ከሆነ ፍሬው አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ሐ. ፍሬዎቹን አሥር አሥር አድርጋችሁ በመደዳ ደርድሩ፤ ጨርቁን ጠቅልላችሁ በላላ ፌስታል ውስጥ አድርጉ። ሙቀት ያለበት ግን ፀሐይ የማይመታው ቦታ አኑሩት።

መ. በየቀኑ ክፈቱት፣ ሲደርቅ ርጩት። በ8ኛው ቀን ሥርም ቡቃያም ያወጡትን ብቻ ቁጠሩ። ሥር አውጥቶ ቡቃያ የሌለው ማሳ ላይ ተክል አይሆንም፤ አይቆጠርም።

80 ከበቀለ ብቅለቱ 80 ከመቶ ነው። ሁሉም ቢበቅል ኖሮ 40 ኪሎ ዘር የሚበቃው ማሳ በዚህ ዘር 50 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው፤ 40ን ለ0.8 አካፍሉ። እዚያ ስትደርሱ ይኸንኑ በገበሬው በራሱ ዘር ትደግሙታላችሁ። ከእህል በረንዳ የገዛችሁት ለምግብ የቀረበ እህል ነውና ለልምምድ ብቻ ነው፤ ለዘር ብላችሁ ለማንም አትስጡ።

4. የዝናብ መለኪያውን ሥሩ። የውሃ ፕላስቲኩን ከአንገቱ በታች፣ ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን አናት ክዳኑን አውጥታችሁ በመገልበጥ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ አስቀምጡት፤ ይህ ውሃው እንዳይተን ይከላከላል። የፕላስቲኩ ታች ጎርበጥ ያለ ስለሆነ ጥቂት ጠጠር ጨምሩና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉበት። የውሃው ልክ ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ።

አገር ቤት ስትደርሱ ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ፣ ርቀቱም የጣሪያው ወይም የዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ በሆነ ቦታ፣ በምሰሶ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ ጻፉ፣ ወደ ዜሮው መልሱ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ ሲወርድ 25,000 ሊትር ይሆናል። ዋልካ መሬት ላይ ያ ሁሉ ውሃ በየት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። ለቤቱ ልጆች ሥራውን አሳዩአቸው፤ ካላሳያችኋቸው በሁለተኛው ቀን መጫወቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጉዞና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

5. ቀኑን መርጣችሁ ውጡ። ወደ ሆለታና አምቦ አቅጣጫ ከአስኮ፣ ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ ከቃሊቲ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ከላም በረት መናኸሪያ ትሳፈራላችሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማለዳ ውጡ። ሰኞ ቢሮው በስብሰባ ይያዛል፤ ዓርብ ደግሞ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ግማሽ ቀን እንደጠፋ ቁጠሩት። ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ልማት ሠራተኛው፣ ማለትም ቀበሌው ውስጥ ገበሬዎችን ወደሚያማክረው የግብርና ባለሙያ፣ ትሄዳላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቀበሌው ሳያውቃችሁ ማሳ ውስጥ ሜትር ስትዘረጉ የታየ እንደሆነ መንደሩ መሬት ሊለካበት ወይም ሊወሰድበት እንደመጣችሁ ይጠረጥራል፤ ያን ጥርጣሬ ከዚያ በኋላ ማንሣት ወሩን ሙሉ ይፈጃል።

ከመሄዳችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። የኦርቶዶክስ እምነት በሰፈነበት መንደር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድና በሌሎችም የአካባቢው በዓላት በሬ አይጠመድም፤ ሐምሌ 5፣ 7 እና 19ም እንዲሁ ናቸው። ሙስሊም መንደር ከሆነ የዓርብ ቀትር የጸሎት ነው። ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታ እስከ 15 ስለሚዘልቅ ብስኩትና ወተት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ብዙ ቤት ልጆችም ይጾማሉ። በዓል ሲሆን ሥራ ቆመብን ብላችሁ አትዘኑ፤ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቀን ያ ነው። ባለቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ቡና እየተፈላ፣ በሥራ ቀን ሦስት ቃል የማይመልሱላችሁ ሰው ግማሽ ቀን ያወሩላችኋል።

6. የምግቡንና የመኝታውን ነገር በልማት ሠራተኛው በኩል ጨርሱ። በቀጥታ ለባለቤቱ «ስንት ልክፈል?» አትበሉ፤ እንግዳን ማስከፈል የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸውና «ምንም» ይሏችኋል፤ ቤቱ ግን ይጎዳል። ልማት ሠራተኛው ምን ያህልና በምን መልክ መስጠት እንደሚሻል ያውቃል። ብዙውን ጊዜ ዘይት፣ ጨውና ስኳር በየሳምንቱ ማምጣት ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ይቀበሉታል።

አጠራርን ተጠንቀቁ። ቤተሰቡና ጎረቤቱ አባወራውንና እማወራዋን እንዴት እንደሚጠሯቸው አዳምጡና ያንኑ ተጠቀሙ። «አንተ» እና «አንቺ» ከአፋችሁ አይውጡ።

ማሳ ላይ

7. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሥሩ እንጂ አትጠይቁ። ደብተሩን ቤት ተዉት። አረም ካሉ አረም፣ ከብት ካሉ ከብት፣ ውሃ ካሉ ውሃ። ይህ ትሕትና ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ ከሥራው በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ይሆናል፤ ከሥራው በኋላ የሚመጣው ግን ካያችሁት ነገር ይነሣል።

ለምሳሌ ማረሻን ውሰዱ። መሬቱ ለምን ደጋግሞ እንደሚታረስ ክፍል ውስጥ ስትጠይቁ «አፈሩ እንዲለሰልስ» ትባላላችሁ። ማረሻውን ተከትላችሁ ስትሄዱ ግን ሌላም ነገር ታያላችሁ፦ ማረሻው የሚከፍተው ትልም ታቹ ጠባብ፣ ላዩ ሰፊ ነው፤ በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ለዚህ ነው ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ የሚሄደው። ለጤፍ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። በእጃችሁ አፈሩን ግለጡና ያን ያልታረሰ ጀርባ ዳስሱት።

እርፍ መያዝ ከፈለጋችሁ ባለቤቱ አጠገባችሁ እየሄዱ፣ አስቀድሞ በታረሰ መሬት ላይ፣ ተገርተው በቆዩ በሬዎች ይሁን። የመጀመሪያውን እርሻ አትሞክሩት። ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው እርፉ የጎን አጥንት ይመታል፤ ጅራፍም ለእናንተ አይደለም፣ በሬዎቹ የሚያውቁት የባለቤታቸውን ድምፅ ነው።

8. የማሳውን ካርታ ሳሉ። ማሳ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን አይደለም። በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሉት፤ የእያንዳንዱን መሠረትና ቁመት በእርምጃ ለክታችሁ አባዙና ለሁለት አካፍሉ። ከዚያ ባለቤቱን «ይህ ስንት ጥማድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ይባላል፤ ነገር ግን ድንጋያማ ወይም ተዳፋት መሬት ላይ ያንሳል። የእናንተ ቁጥርና የሳቸው ቁጥር ከተለያየ የሳቸውን አትሰርዙ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ስለ መሬቱ ጥንካሬ ይነግራችኋል።

ካርታው ላይ ተዳፋቱን፣ ውሃው የሚወጣበትን ፈሰስ፣ ዛፉን፣ ያለፈው ዓመት የተዘራውን እህል አስገቡ። ያለፈው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ከነበረ ዘንድሮ ለምን ስንዴ እንደሆነ ይገባችኋል፤ ጥራጥሬ ለመሬቱ ናይትሮጅን ትቶለት ይሄዳል።

9. ቡቃያና አረም ቁጠሩ። በሲባጎና በአራቱ ችካሎች 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ሥሩ። የት እንደምታስቀምጡት ማሳ ሳትገቡ ወስኑ፦ «ከዚህ ጥግ 30 እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ግራ 15» ብላችሁ። ገብታችሁ ዓይናችሁ የወደደውን ቦታ ከመረጣችሁ ሁልጊዜ ለምለሙን ትመርጣላችሁ። ከዳር ቢያንስ 2 ሜትር ግቡ፤ ዳር ላይ ብርሃንም የከብት አፍም ስለሚበዛ የማሳውን ልክ አያሳይም። በአንድ ማሳ ቢያንስ አምስት ቦታ ቁጠሩ። ጤፍ በካሬ ሜትር ተቆጥሮ አያልቅም፤ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር አድርጉና ውጤቱን በ16 አባዙ።

አሁን ሲናር። በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ የሚያስቸግረው ይህ አረም ቡቃያ ሳለ እነሱን ይመስላል። ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በጣታችሁ ወደኋላ ገለጥ አድርጉት። ገብስ ከሆነ አገዳውን ከሁለት ወገን የሚያቅፉ ረዘም ያሉ ጥፍር መሰል ጫፎች ታያላችሁ። ስንዴ ከሆነ ጫፎቹ አጭርና ጠጉራም ናቸው። ሲናር ምንም የለውም። ጎንበስ ብላችሁ አንድ ጠዋት ሙሉ ይህን ብቻ አድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለያል። የቤቱ ልጆች ደግሞ ቆመው ከላይ በቅጠሉ ቀለምና ጥምዝ ይለዩታል፤ ጠይቋቸው።

ጤዛ ሳይረግፍ ባቄላና አተር ማሳ ውስጥ አትግቡ። የቅጠል በሽታ በእርጥብ ልብስና እግር ከተክል ወደ ተክል፣ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል።

10. የአፈር ናሙና ውሰዱ። ማዳበሪያ ያልነካው ማሳ ምረጡ፤ በነሐሴ ለሽምብራ የተተወ መሬት ለዚህ ይመቻል። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ምን እንደምታደርጉበትም ንገሯቸው።

ሀ. በማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየታጠፋችሁ ከ10 እስከ 15 ቦታ ምረጡ። ከአጥር ሥር፣ ከዛፍ ጥላ፣ ፍግ ከተከመረበትና አሮጌ አውድማ ከነበረበት ራቁ፤ አንድ እፍኝ የፍግ አፈር የማሳውን ውጤት ሁሉ ያዛባል።

ለ. ላዩን ሣርና ገለባ ጥረጉ፤ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ቅረፉ።

ሐ. ሁሉንም ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀላቅሉ። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ናሙናውን ይበክላል።

መ. ዋልካ እርጥብ ሳለ እንደ ሊጥ ነው፤ አይቀላቀልም። ወረቀት ላይ ዘርጋችሁ በጥላ አድርቁት፣ ጓሉን አድቅቁት። ከዚያ በአራት ከፍላችሁ ተቃራኒዎቹን ሁለት ሩብ ጣሉ፤ 1 ኪሎ እስኪቀር ድረስ ድገሙት።

ሠ. መለያውን በእርሳስ ሁለት ወረቀት ላይ ጻፉ፦ አንዱን ከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ። ቀን፣ ቀበሌ፣ የማሳው መጠሪያ፣ ጥልቀት። የባለቤቱን ስም በምሥጢር ቁጥር ተኩ።

ጉድጓዶቹን ድፈኑ። በሬ እግሩን ይሰብርበታል።

11. የቤቱን ጣሳ መዝኑ። ከሁሉም ይበልጥ ገበሬው ራሱ የሚጠቀምበት ሥራ ይህ ነው። ብዙ ቤት ማዳበሪያ በጣሳ ይለካል። ጣሳውን በዩሪያ ሞልታችሁ መዝኑ፤ ከዚያ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ባለበት በኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ሞልታችሁ መዝኑ። ያው ጣሳ ዩሪያ ሲሞላ ቀላል፣ ኤን ፒ ኤስ ሲሞላ ከባድ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ስለዚህ «አምስት ጣሳ ከዚህ፣ አምስት ጣሳ ከዚያ» ማለት እኩል አይደለም። በሄክታር 100 ኪሎ ተብሎ የተመከረ ማዳበሪያ ለሩብ ሄክታር 25 ኪሎ ነው፤ 25 ኪሎው ስንት ጣሳ እንደሚሆን አስሉና ለቤቱ ንገሩ። የመጠኑን ምክር ከልማት ሠራተኛው ውሰዱ እንጂ ከራሳችሁ አትምከሩ። ዩሪያ በደረቅ መሬት ላይ ከተበተነ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ያመልጣል፣ ውሃ በቆመበት ከተበተነም ይባክናል፤ ገበሬዎች አፈሩ ርጥብ ሆኖ ውሃ ያልያዘበትን ቀን ይጠብቃሉ። ያን ቀን እንዴት እንደሚመርጡ ተከታተሉ።

12. በየምሽቱ ጻፉ። ከራት በፊት ይሁን፤ ከራት በኋላ እንቅልፍ ያሸንፋል። ምን ተሠራ፣ ማን ሠራ፣ ስንት ሰው፣ ስንት በሬ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ዝናቡ ስንት ነበር፣ ሰው የመጣው በደቦ (ለአንድ ቀን ተጠርቶ በሚደረግ የጋራ ሥራ) ነው፣ በወንፈል (በተራ በሚመለስ የጉልበት ልውውጥ) ወይስ በክፍያ። የሴቶችንና የልጆችን ሥራ አትዝለሉ። «ባለቤቱ አረሙ» ብላችሁ የጻፋችሁት ማሳ ላይ ያረሙት እማወራዋና ሁለት ልጆች ከነበሩ የጉልበት ስሌታችሁ ሁሉ ሐሰት ነው።

ማስጠንቀቂያ

እህል ከተከማቸበት ክፍል ውስጥ አትተኙ። ለነቀዝ መከላከያ በኩንታል መካከል የሚደረገው እንክብል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። እንግዳ ሲመጣ የሚሰጠው ክፍል ብዙ ጊዜ ያ ነው። «እዚህ መድኃኒት ተደርጓል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ምድጃው አጠገብ መተኛት ይሻላል።

የአረም መድኃኒት አትርጩ፤ ሲረጭም ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን አትቁሙ። ቱፎርዲ በስንዴና በጤፍ ማሳ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፤ በነፋስ ተወስዶ የጎረቤት ባቄላ ላይ ካረፈ ባቄላውንም ይገድላል፣ ጠብም ያስነሣል። ባዶውን ዕቃ ለውሃ አትጠቀሙበት፤ ሲጠቀሙበት ካያችሁ ለልማት ሠራተኛው ንገሩ።

መብረቅ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ከማሳ ውጡ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ቆርቆሮ ክዳን ቢሆንም ቤት ይሻላል። የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። የአገሩ ሰው ቆሞ ከጠበቀ እናንተም ቁሙ።

ውሃ ሳታፈሉ ወይም ሳታክሙ አትጠጡ።

የተለመዱ ስህተቶች

የከብት ቁጥርን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ። ግብር ወይም ዕርዳታ የሚያስታውስ ጥያቄ ነው፤ የሚሰጣችሁ ቁጥር እውነተኛ አይሆንም። ከብቶቹን ውሃ ስታወርዱ ራሳችሁ ታዩአቸዋላችሁ።

«ችግርዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ሁልጊዜ ማዳበሪያና መንገድ ነው። «ይህን ማሳ ዘንድሮ ለምን ዘግይተው ዘሩት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ በሬውም፣ ስለ ብድሩም በአንድ መልስ ታገኛላችሁ።

ቃል መግባት። «ዘር እናመጣለን፣ ለወረዳ እንነግራለን» አትበሉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ነው የሚጠየቅበት።

ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት፤ በተለይ ሴቶችንና ሕፃናትን።

አረም ስታርሙ ጓንት ማድረግ። ሥሩን አትዳስሱትም፣ ቡቃያውንም አብራችሁ ትነቅላላችሁ። ጓንቱ ለማዳበሪያ ነው።

ጤፍ ማሳ በከብት ሲረገጥ አይቶ «አፈር እያጠበቁ ነው» ብሎ ማረም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 በላይ ይገባል። መሬቱ ልል ከሆነ ፍሬው ጠልቆ ይቀራል ወይም ከአፈሩ ጋር ሳይገናኝ ይደርቃል። መርገጡ ለዚያ ነው። ያልገባችሁን ነገር መጀመሪያ «ለምን?» በሉ።

13. ከመመለሳችሁ በፊት። ውጤቱን ለቤቱ ንገሩ፦ ዘራቸው ስንት ከመቶ እንደበቀለ፣ ማሳቸው ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ ጣሳቸው ስንት እንደሚመዝን፣ በወሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ። በአንድ ወረቀት በትልቁ ጽፋችሁ፣ ማንበብ ለሚችለው ልጅ አንብባችሁለት ተዉላቸው። የዝናብ መለኪያውንም አትንቀሉት። የአፈሩ ውጤት ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ በልማት ሠራተኛው በኩል እንደሚላክ ተስማሙ።

የምዘና ቅጻችሁን ለልማት ሠራተኛው የምትሰጡት በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከመመለሳችሁ አንድ ሳምንት በፊት ነው። እሱ ሞልቶ ይፈርማል፤ ማኅተሙ ግን ወረዳ ነው ያለው፣ ማኅተሙን የያዘው ሰውም ስብሰባ ላይ ሊሆን ይችላል። ማኅተም ያረፈበትን ቅጽ ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱን ለትምህርት ክፍሉ ስታስገቡ መዝገብ ላይ ማስፈረማችሁን አትርሱ።